ካንሰር ያከሳል ያለችው ሾፌር

ጋራዥ ያሉት ሁሉ ታላቅ እህቴን ቦቴ ይሏታል፤ ነዳጅ የሚያመላልሰውን ትልቅ መኪና ማለታቸው ነው። እሷ አይከፋትም። «ባዶዬን አይደለሁማ!» ብላ ትስቃለች። እሷ አውቶቡሱን ትነዳለች፣ እኔ ቲኬት እቆርጣለሁ። ሰውነታችን የአንድ እናት ነው፤ በሩ ላይ ከተገናኘን አንዳችን ካልተመለስን አናልፍም። በአፍም ቢሆን የሚችለን የለም።

የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ ውፍረቷ ባሰ። ወንበሩን ወደ ኋላ ስትገፋ፣ ቀበቶውን ስታስረዝም ከረመች። ሰው ደግሞ «ተመችቶሻል!» ይላታል። ከስታ ቢያዩዋት ኖሮ ይደነግጡ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መታጠፊያው ላይ ብስክሌተኛ ድንገት ገባብን። ፍሬን ያዘች። ሰውየው ተረፈ፤ እህቴ ግን ጮኸች። ቀበቶው ግራ ጡቷን ተጭኗት ነበር። ተሳፋሪው ብስክሌተኛውን ሲሰድብ እኔ የእሷን ፊት አየሁ፤ ላብ አጥምቋታል። ከዚያ በኋላ በአንድ እጇ መሪውን፣ በሌላው ቀበቶውን ከደረቷ አርቃ ይዛ ነዳች። ያን ሁሉ ሰው ጭና!

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ወርዶ ሲያልቅ በሩን ዘጋሁት።

«እትዬ፣ ምንሽን ነው?»

«ምንም።»

«በምንም እንዲህ ይጮሃል? አሳዪኝ!»

ስትከራከረኝ ቆይታ በመጨረሻ እጄን ይዛ ራሷ አስነካችኝ። ከሥጋው ውስጥ ጠጠር የመሰለ ነገር አለ፤ ቢገፉት አይነቃነቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። አታካብጂው እንግዲህ፣ ክፉ ነገር አይደለም። ካንሰር ያከሳል። እኔ እንደሆንኩ ቀሚሱ ሁሉ እየጠበበኝ ነው።»

ሰሞኑን ሰሃኗን ደግማ የምትሞላው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ክሳት እንዳይመጣባት ትበላ ነበር። ተናደድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ስንቱን የምትመክር ሴት!

«ነገ ሐኪም ቤት ካልሄድሽ ተሳፋሪ ፊት እናገራለሁ» አልኳት። እንደማደርገው ታውቃለች። ሄደች፤ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አኮረፈችኝ። ፌርማታ ስጠራ እንኳ ቀና ብላ በመስታወቱ አታየኝም።

ውጤቱ በደረሰ ቀን ግን አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ወንበሯን ወደ እህቴ አስጠጋች።

«እናቴ፣ ካንሰር ነው። ደግነቱ ከጡቱ አልወጣም። ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፣ ከዚያ ሕክምናው ይቀጥላል።»

እህቴ የሰማች አትመስልም። «እኔ እኮ አልከሳሁም» አለች፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው።

«መክሳት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እንዲያውም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሰውነት ስብ ሆርሞን ያመርታል፤ አንዳንዱ የጡት ካንሰር ደግሞ በዚያ ሆርሞን ይፋፋል። ወፍራም ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ቀጭንም ይታመማል። ግን ውፍረት የመያዝ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል።»

«በገዛ እጄ ያመጣሁት ነዋ!»

«አይደለም፣ እናቴ። ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። በዚህ ራስዎን አይቅጡ።»

እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኛል። እህቴ አላለቀሰችም። ዞር ብላ ክንዴን፣ ሆዴን፣ ወንበሩን ሞልቼ መቀመጤን ከላይ እስከ ታች አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። ለራሷ ያልፈራችውን ለእኔ ፈራች።

«ተነሺ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«መመርመሪያው አልጋ ላይ ውጪ። የወር አበባሽ ከቆመ ዓመት አለፈው አይደል?»

«እትዬ ሙች፣ እኔ ደህና ነኝ! ዛሬ የመጣነው ለአንቺ ነው።»

አልሰማችኝም። «ልጄ፣ የእኔን ነግረሽኛል፤ አሁን ይቺን እይልኝ» አለቻት ሐኪሟን።

ስንቱን ጎረምሳ ከአውቶቡስ ጎትቼ ያወረድኩት ሴትዮ እንደ ሕፃን ታዘዝኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሸሚዜን መፍታት አቃተኝ። እህቴ አጠገቤ ቆማ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታችልኝ።