የማይጮኹ ክራሮች

ሥራ የጀመርሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡሬ ውስጥ በነበረ አንድ የወጣቶች ማዕከል ኃላፊው ቁልፍ ሰጠኝና ወደ መጨረሻው ክፍል መራኝ። በሩን ስከፍተው ክፍሉ በስብሰባ ወንበር ተሞልቷል። «ወንበሮቹን ወደ ጥግ ግፋና በተረፈው ቦታ አስተምር» አለኝ። «ስብሰባ ሲኖር ታወጣቸዋለህ፤ ሲያልቅ ታስገባቸዋለህ።» የሥራ መደቤ «የሙዚቃ አሠልጣኝ» ይባል ነበር። ከማስተማር እኩል ወንበር ተሸክሜያለሁ።

እኔን ክራር ያስተማረኝ ሰው የለም። ፍኖተ ሰላም ሳድግ ከዘይት ጣሳና ከባሕር ዛፍ እንጨት አንድ ሠርቼ፣ ሬዲዮ ያሰማኝን እየተከተልሁ ለመድሁት። መጽሐፍም የምስክር ወረቀትም አልነበረኝም። ያለችኝ አንዲት ጠባይ ናት፤ ያልተስተካከለ ድምፅ ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

ማዕከሉ የነበረው ክራር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገበቴው ተሰንጥቋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ክራር መሥራት ሆነ። ልጆቹ ከየቤታቸው የበዓል ፍየል ቆዳ አመጡ። ገበቴውን እንጨት ጠራቢ ፈለፈለልን፤ ያልደረሳቸው ልጆች በጣሳ ሠሩ። ቆዳውን ርጥብ እያለ ወጥረን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ለአውታር ናይለን ክር ገዛን። ውበት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ግን ይጮኹ ነበር።

ብዙ ክራር አንድ ክፍል ውስጥ ማስተማር ችግሩ ቅኝት ነው። እያንዳንዱ በትንሹ ከጓደኛው ከተለየ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲመታ የተነካ የንብ ቀፎ ይመስላል። ስለዚህ በክብ ተቀመጥን። አንዱ ልጅ የመጀመሪያውን አውታር ይመታል፣ ቀጥሎ ያለው የራሱን በዚያ ልክ ይቃኛል፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ድምፁ ዞሮ መጀመሪያው ልጅ ዘንድ ሲመለስ ከተነሣበት ፈቀቅ ካለ እንደገና ከመነሻው። ከዚያ ሁለተኛው አውታር። እስከ ስድስተኛው እንዲህ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ጠሉት። አበጀ የሚባል ምላሱ የማያርፍ ልጅ ነበር። «መምህር» አለኝ አንድ ቀን፣ «እኛ የመጣነው ክራር ልንመታ ነው ወይስ ክራር ልናስታምም?»

«ታሞ የሚዘፍን አይተህ ታውቃለህ?» አልሁት።

«አጎቴ አለ። ግን እሱ ጠጥቶ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ከመነሻው ጀመርን። እየቆየ ግን ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ ልክ መግባት ጀመረ። ያኔ ድርድሩንም ግርፉንም፣ ማለትም አውታር በአውታር መምታቱንም ሁሉን አንድ ላይ መግረፉንም፣ ለማስተማር ቀላል ሆነልኝ።

ከሁሉ የምትበልጠው ውባለም ናት። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከእሷ ሦስተኛ የተቀመጠ ልጅ አውታሩ ሲላላ አንገቷን ዘወር ታደርጋለች፤ አትናገርም፤ ልጁ ራሱ ገብቶት ያጠብቃል። አባቷ ጋሽ ገዳሙ ገበያው አጠገብ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን በልብሳቸው ላይ የበርበሬ ብናኝ እንደያዙ በራችን ላይ ቆሙ። ክፍሉ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ።

«መምህር የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልገባም። እኔ የመጣሁት ልጠይቅህ ነው። ይቺ ልጅ ክራር ታቅፋ በመንገድ ስታልፍ ሰው ምን ይለኛል? ገዳሙ አዝማሪ ወለደ ይለኛል።»

አበጀ ዐይኑን እየጠራረገ ከኋላ «ጋሽ ገዳሙ፣ ክራሩ እንኳ ያላስለቀሰንን እርስዎ አስለቀሱን» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸውም ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸውን ያዙት።

«እንግዲህ ስማኝ ወንድምዓለም» አሉኝ። «ፍኖተ ሰላም የባህል ዝግጅት አለ ብላኛለች። እኔም እመጣለሁ። በጆሮዬ እሰማለሁ። ሙያ ከሆነ ትቀጥል። ቀልድ ከሆነ ግን ከዚያው እጇን ይዤ እገባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ክራር የሚባል ነገር ደጄን አይረግጥም።»

ውባለም መሬት መሬት እያየች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሉ ቀድማ እየመጣች ከሁሉ ኋላ ትወጣ ነበር።

ዝግጅቱ ሲቃረብ ማዕከሉ አዲስ ክራር እንደገዛ ሰማሁ። ቀደም ብዬ ምን ዓይነት ክራር እንደሚያስፈልግ ጽፌ ሰጥቼ ነበር፦ ስድስት አውታር ያለው፣ መቃኛው የሚዞር፣ ቆዳው የተወጠረ። ጨረታው ሲወጣ ይህ ሁሉ ቀርቶ «ያሸበረቀ የባህል ክራር» ተብሎ ነው የወጣው። ካርቶኑን ስንከፍት ሆቴል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ጌጥ ነው። ዛጎል ተለጥፎበታል፤ ቀለም ተቀብቷል። አውታሩ የልብስ ስፌት ክር ነው። መቃኛው በኮላ ተጣብቋል። ሆዱ ቆዳ የተሳለበት ካርቶን ነው።

«እነዚህ አይጮኹም» አልሁት ኃላፊውን።

«አይጮኹም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ክሩን ይንኩት እስቲ።»

ነካው። ምንም የለም። አገላብጦ አየውና «ያምራል ግን» አለ። «ጣሳ ይዛችሁ ዞን ፊት ልትቀርቡ ነበር እንዴ? ይኼ የገጽታ ጉዳይ ነው። ዜማውን ከፍላሽ እንለቃለን፤ ልጆቹ ይያዙት ብቻ።»

«ልጆቹ ሁለት ዓመት የተማሩት መያዝ አይደለም።»

«አንተ ልጅ፣ ነገር አታክርር። ሌሎቹም እንዲህ እያደረጉ ነው የሚጨበጨብላቸው።»

በማግሥቱ ወደ ክፍሌ ስገባ ልጆቹ የሠሯቸው ክራሮች የሉም። አዲስ ስለተገዛ አሮጌው ይወገድ ተብሎ መጋዘን ገብቷል። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘችው ሠራተኛ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳለች። የምትመለሰው ከዝግጅቱ በኋላ ነው። በሳምንቱ ግምገማ ላይ እጄን አውጥቼ ይህንኑ ተናገርሁ። መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን ተናገርሁ። መልሱ «የአመለካከት ችግር አለብህ» የሚል ነበር። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ካርቶን ላይ ቆዳ ሥሎ የሸጠው ሰው የአመለካከት ችግር የለበትም። ሳይነካ የተረከበውም የለበትም። ያለብኝ እኔ ነኝ።

ልጆቹን አላስከትልም ብል ኃላፊው ራሱ ሊወስዳቸው ተዘጋጅቷል። ለጋሽ ገዳሙ አስቀድሜ ልንገራቸው ብዬ ሱቃቸው ሄድሁ። ሊበን ገበያ ወርደዋል፣ ከዚያው በቀጥታ ፍኖተ ሰላም ይገባሉ አሉኝ። ለልጆቹ እውነቱን ነገርኋቸው። ውባለም «አባዬ እኮ ይመጣል» አለች።

ፍኖተ ሰላም አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ገዳሙ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ዛጎል ያለባቸውን ክራሮች ይዘው ወጡ። ድምፅ ማጉያው የአንድ የማላውቀው ሰው ክራር ለቀቀ። ሌሎቹ ልጆች እጃቸውን እንዲሁ ያወዛውዛሉ። ውባለም ግን በስፌት ክሩ ላይ ጣቶቿን ልክ በየቦታቸው ታሳርፍ ነበር። ማስመሰል አልቻለችበትም።

ዜማው መሐል ላይ መብራት ጠፋ።

ማጉያው ቀጥ አለ። የልጆቹ እጆች ግን ለትንሽ ጊዜ ባዶውን መምታታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ክራሩ ካርድ ጨረሰ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ሞልተህ ደውል!» አለው። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ አለቀሰች። ውባለም ክራሩን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ወረደች፤ አባቷ ደረጃው ሥር ቆመው እጇን ያዙ።

ሮጬ ደረስሁባቸው። አልጮኹብኝም። «አዝማሪ እኮ» አሉኝ፣ «ቢንቁትም በገዛ እጁ ነው የሚመታው። አንተ ልጄን ከአዝማሪ በታች አደረግሃት።» ከዚያ ይዘዋት ሄዱ።

ኃላፊው በሪፖርቱ ዝግጅቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ ብሎ ጻፈ። «ጥፋቱ የመብራት ነው» አለኝ። መብራቱ ባይጠፋ ውሸቱ እውነት ይሆን የነበረ ይመስል።

የመጋዘኗ ሠራተኛ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅኋት። የልጆቹን ክራሮች ስጪኝ አልኋት። መዝገቧን አየችና «እነዚህ መች ተመዝግበው ያውቃሉ? ያልተረከብሁትን ምን አድርጌ አስወግዳለሁ፤ ውሰድልኝ» አለች። በጋሪ ጭኜ ወጣሁ። የክፍሉን ቁልፍ ለኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ፤ ሥራውን በዚያው ለቀቅሁ።

ከጋሪው ላይ የውባለምን አንሥቼ በቀጥታ ወደ በርበሬው ሱቅ ሄድሁ። ጋሽ ገዳሙ ሚዛን ላይ ነበሩ፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሟት። ከዚያ እሄዳለሁ።»

«የሰማሁት አይበቃኝም?»

«ያን ዕለት ልጅዎን አልሰሟትም።»

ሂድ አላሉኝም። ይህንን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁትና ውባለምን ጠራኋት። መጥታ በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። መጋዘኑ ርጥበት ስለነበረው ቆዳው ላልቷል፤ አውታሩ ሁሉ ወርዷል። መቃኘት ጀመረች። ቆየች።

«ይኼ ነው እንግዲህ?» አሉ አባቷ።

«እየቃኘሁ ነው አባዬ። ታገሠኝ።»

ስትጨርስ አንድ የሠርግ ዜማ በድርድር ጀመረች፤ ኋላ ወደ ግርፍ አለፈች። በርበሬ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ደጃፍ ላይ ቆሙ። ጋሽ ገዳሙ ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር፤ ሚዛኑ ላይ ያለው በርበሬ ሳይነሣ ቀረ። ዜማው ሲያልቅ ዘወር አሉ።

«ይኼን እየቻለች» አሉኝ፣ «ለምን ያንን አስያዛችኋት?»

ጨረታውን፣ መጋዘኑን፣ ግምገማውን ልዘረዝር አፌን ከፈትሁ። አንዱም መልስ አልሆነኝም።

ትማር ብለው ፈቀዱ፤ መድረክ ግን አትወጣም አሉ። ዛሬ ወፍጮ ቤት አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ አስተምራለሁ። ከድሮዎቹ ግማሾቹ አልተመለሱም፤ አበጀም አልተመለሰም፤ ሰፈር ውስጥ «ካርድ ሞላህ?» እያሉ አላስቆም አላስቀምጥ ብለውታል። ውባለም አሁን ከእኔ ትበልጣለች። ከእኛ ክፍልና ከአባቷ ሱቅ ውጭ የሰማት ሰው የለም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። መሣሪያው የማይጮኽ ከሆነ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ቤት ግቡ። መድረኩ ባዶውን ይዋል።