የላንፌን ካፖርት

ሱዩን ጭስ ጠባቂ ከመሆኗ በፊት ራሷ ጭስ አጫሽ ነበረች፤ ይህንንም ሳትደብቅ እየሳቀች ታወራዋለች። ያን ጊዜ በቆሎው ከተሸለቀቀ በኋላ አገዳውን ማሳው ላይ ከምሮ እሳት መልቀቅ የመንደሩ ሁሉ ወግ ነበር። አመሻሹ ላይ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይቀላል፤ ልጆች ረመጡ ውስጥ ስኳር ድንች ይቀብራሉ። የዚያ ስኳር ድንች ጣዕም እስከ ዛሬ ከአፏ አልጠፋም። በማግስቱ ግን የምዕራቡ ተራሮች በጭስ ይሰወራሉ፤ ሴት ልጇም በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ስትስል ትከርማለች።

እሳት የተከለከለ ዕለት ሱዩን ክንዷ ላይ የጠባቂነት ምልክት የሆነውን ቀይ ጨርቅ አስራ፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌቷ ማሳ ለማሳ መዞር ጀመረች። ማን ክብሪት እንደያዘ ከአረማመዱ እለያለሁ ትላለች፤ ብዙውን ጊዜም አትሳሳትም።

በዚያ ዓመት ለሙታን የክረምት ልብስ የሚላክበት ቀን ሲቃረብ አንድ ችግር መጣ። ልብሱ ከወረቀት ተሠርቶ መቃብሩ ፊት ይቃጠላል። በዋዜማው ረፋድ ላይ ግን ከከተማው አስተዳደር መልእክት ደረሳት፤ ከምሽቱ ጀምሮ ነፋሱ ይቆማል፣ አየሩም ለቀናት ከብዶ ይተኛል፣ ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የመቃብር እሳት እንኳ አይፈቀድም። ልብሱን ማዘግየት ነውር ነው፤ ሟቹ ሲንቀጠቀጥ ይከርማል። ማስቀደም ግን ይቻላል። ሱዩን በየበሩ እየቆመች፣ የሰሜኑ ነፋስ ሳለ ዛሬውኑ ወደ መቃብሩ አምጡ፣ ማቃጠያ የብረት በርሜሎች ተዘጋጅተዋል አለች። ሁሉም እሺ አሏት፤ ከጋሽ ዲንግፋ በቀር።

የጋሽ ዲንግፋ ሚስት ላንፌን የሞተችው በዚያው ዓመት፣ ስንዴው ሲያሽት ነው። ሽማግሌው ካፖርቱን በእጃቸው ሰፍተውታል፤ ሰማያዊ ወረቀት፣ በመሐሉ የተነደፈ ጥጥ፣ ቁልፎቹ በእስክሪብቶ የተሣሉ።

«የመጀመሪያ ልብሷ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቀኑን ሳይጠብቅ የላከ ባል፣ እፎይ ተገላገልኩ ያለ ነው የሚመስለው።»

ሱዩን ነገ እሳት እንደማይፈቀድ ደግማ አስረዳቻቸው።

«እኔ ነገ ብለኩሰው፣ አንቺ ታጠፊብኛለሽ?»

«አጠፋለሁ እንጂ። ባልዲዬን ሞልቼ ነው የምቆመው። ላንፌን እርጥብ ካፖርት ትልበስልዎት?»

ሽማግሌው አፈጠጡባት፤ ቀይ ጨርቅ ሰው ያበላሻል ብለውም አጉረመረሙ። ሱዩን አልተቀየመችም። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ካፖርቱን አገላበጠችና ስፌቱን አደነቀች። ከዚያ ላንፌንን አነሳች። ሌላው ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ሥር ሐብሐብ ሲበላ እሷ የጥጥ ጃኬቷን ለብሳ ትመጣ እንደነበር፣ መንደሩም «ክረምት መጣ፣ ላንፌን ለበሰች» እያለ ይቀልድባት እንደነበር አስታወሰቻቸው።

«እንዲህ ያለች ብርዳም ሴት አሁን የምትጠብቀው ቀኑን ነው ወይስ ካፖርቱን፣ ጋሽ ዲንግፋ?»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። «እግሯን ጀርባዬ ላይ ነበር የምታሞቀው» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ በረዶ ተሸክሜ ነው የተኛሁት።» ተነሡና ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

መቃብሩ ዘንድ ሌላ ሟች እንዳይሻማት መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ሠሩ፤ በላንፌን መቃብር በኩል መግቢያ ተዉ። ካፖርቱ በርሜሉ ውስጥ አንዴ ቦግ አለ፤ የሰሜኑም ነፋስ ጭሱን አንሥቶ ከሜዳው አሻገረው። ተራሮቹ ጥርት ብለው ይታዩ ነበር።

በማግስቱ ሱዩን ስትነሣ የግቢዋ ዛፍ እንኳ አይታይም፤ አየሩ ግራጫ ሆኖ ጣራው ላይ ተኝቷል። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ወጣች። ከስንዴው ማሳ ዳር ጋሽ ዲንግፋ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ብቅ አሉ።

«ክብሪት ይዘዋል?» አለቻቸው ብስክሌቷን አቁማ።

ሽማግሌው ሁለቱንም ኪሶቻቸውን ገልብጠው አሳዩዋት፤ ባዶ ነበሩ።

«ሌሊቱን ጀርባዬን አልበረደኝም» አሏትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።