መሃሉ ያልተበሳው የፒፓ አፍ

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ረፋድ ላይ ነው... አቃቂ መንገድ ዳር ባለችው ሱቄ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ማስታወቂያ እየቆረጥኩ ሳለ አንድ አባት ደጃፉ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሥራዬ አክሪሊክ ነው። ማስታወቂያ፣ ዋንጫ፣ የቁልፍ መያዣ... ያው ብርጭቆ የሚመስለው ጠንካራ ፕላስቲክ ማለቴ ነው። እያሽከረከረች የምትቀርጽ ትንሽ ቶርኖ ስላለችኝ ደግሞ አልፎ አልፎ የፒፓ አፍ እሠራለሁ፤ ያ በጥርስ የሚያዘውን፣ ጭሱ የሚሳብበትን ጫፍ። አቃቂ ውስጥ ፒፓ የሚይዝ ሰው ሦስት ቢገኝ ነው፤ ሦስቱም ግን ደንበኞቼ ናቸው። ጉራዬን ቻሉት።

እኚህ አራተኛው ሆኑ። ጋሼ መኮንን እንበላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ከኮታቸው ኪስ ከወይራ የተጠረበ አሮጌ ፒፓ አወጡ። አፉ ተሰብሮ ጠፍቷል።

«ጥቁር አድርገህ ሥራልኝ ልጄ። ጌጣ ጌጥ አልፈልግም» አሉኝ።

«ሐሙስ ይምጡ ጋሼ።»

ከሰዓት ሴት ልጃቸው መጣች። ጠዋት ከእኔ ሱቅ ሲወጡ ከታክሲ ውስጥ ሆና አይታቸው ኖሯል። ገና ሳትቀመጥ እንባዋ መጣ።

«ወንድሜ፣ አባዬ ሳንባውን ታሟል። ሐኪሙ ሲጋራም ፒፓም እንዳታስጠጉት ብሎናል። ሲሰበርለት ተገላገልኩ ብዬ ነበር... በእናትህ፣ ጭሱ እንዳያልፍ አፉን አትብሳው። መልኩን ብቻ አሳምረህ ስጠው።»

ራስሽ ንገሪያቸው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሴት ልጅ ስለ አባቷ ስታለቅስ ማየት አልችልም። ደግሞ ልዋሽ እንዴ? የሰው ነፍስ የማተርፍ መስሎኝ ውስጤ ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር።

የፒፓ አፍ ሲሠራ መጀመሪያ የሚወጣው ቀዳዳው ነው። የአክሪሊኩ ዘንግ ገና ቀጥ እንዳለ፣ ቶርኖውን ቀስ አድርጎ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ይበሳል። ከቸኮሉ ይግልና ቀልጦ መብሻውን ይዞ ያስቀረዋል። ከዚያ በሞረድ ይቀጥናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ በእሳት ሞቅ ተደርጎ ይታጠፋል። ከታጠፈ በኋላ ልብሳው ቢሉ አይሆንም።

እኔ ከሁለቱም ጫፍ የጥፍር ያህል ብቻ በሳሁና መሃሉን ተውኩት። ላዩን ግን ፊት እስኪያሳይ ወለወልኩት። እንዲህ የቀለለኝ ሥራ የለም።

ሐሙስ ጋሼ መጡ። ጨመቅ አድርገው ያዙት፣ ገላበጡት፣ ፒፓው ላይ ሰኩት። ልክክ አለ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉኝ።

ከዚያ አፋቸው ውስጥ አደረጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ሳቡ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ። ደግመው ሳቡ።

«አይስብም።»

«ብናኝ ገብቶበት ይሆናል ጋሼ...»

ከጠረጴዛዬ ላይ ቀጭን ሽቦ አነሱ። በአንዱ ጫፍ ከተቱት፣ ወዲያው ቆመ። በሌላው ጫፍ ከተቱት፣ እዚያም ቆመ።

«ረስቼው ነው» አልኩ። ከአፌ ሳይወጣ አፈርኩ።

«ዕድሜዬን ቶርኖ ላይ ነው የቆምኩት» አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳን ከፍ ሳያደርጉ። «ቀዳዳው ሳይወጣ ሞረድ የሚያነሳ ሠራተኛ አላየሁም። በዚህም በዚያም ጀምረህ መሃሉን ብቻ ረሳኸው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሴቷ ልጄ ናት እንዲህ አድርግ ያለችህ?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ጋሼ በሱቁ መስታወት አሻግረው ወደ ውጭ ወደ ባጃጆቹ ማየት ጀመሩ።

«ከሆስፒታል ከወጣሁ አንድም ቀን አላጨስኩም። ባዶውን ነው የምስበው። የወይራው ሽታ አለው... እሱ ይበቃኛል። ብትጠይቁኝ ኖሮ እነግራችሁ ነበር» አሉ።

የሠራሁትን ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፒፓቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። እኔ በዚያ ዕድሜያቸው የተናቁ መስሏቸው ሲሄዱ እያየሁ «ጋሼ!» ብዬ ለመጣራት እንኳን ወኔ አጣሁ።

በማግስቱ ሌላ ሠራሁ። ማስታወቂያውንም ሁሉንም ትቼ፣ ውሃ ጠብ እያደረግኩ፣ ዳር እስከ ዳር በሳሁት። ቅዳሜ ዕለት ጠይቄ ጠይቄ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። አባቷ ያሉኝን እዚያው በር ላይ ነገርኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

«አላጨሰም? እኔ እኮ በየቀኑ ኮቱን እያሸተትኩ ነበር...» አለች።

ጋሼ ሳሎን ተቀምጠዋል። ተነስተው ጨበጡኝ፣ ተቀመጥ አሉኝ። ያመጣሁላቸውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይሞክሩት እንጂ ጋሼ። የአሁኑ ይስባል» አልኩ።

ልጃቸውም ቀረብ አለች። «አባዬ ሳበው በቃ። ይቅር በለኝ፣ ምንም አልልህም።»

እሷንም እኔንም አዩን። አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር።

«ተዉት ልጆቼ» አሉ። «ሁለታችሁ አፍ አፌን እያያችሁኝ፣ አየሩም አይጥመኝ።»

አክሪሊክ ሲበላሽ ሌላ ዘንግ ይቆረጣል... የሽማግሌ አመኔታ ግን ከየት እንደሚቆረጥ እኔ አላውቅም።