የጆንያው ክብደት ከየት መጣ

ባቄላ ሰርቀሃል ተብዬ ከሚዛን ቤት ተባረርኩ። አልሰረቅኩም።

መጋላ ገበያ ዳር ባለ የእህል መጋዘን መዛኝ ነበርኩ። ኮምፒዩተሩ ከጠቅላላው ክብደት የባዶውን ጆንያ ቀንሶ የእህሉን ይመዘግባል። አዲሱ ፕሮግራም ከገባ ወዲህ ግን ጆንያው ሲገለበጥ እህሉ ከተመዘገበው ያንስ ጀመር። አለቃዬ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አቦ፣ ፊደል የቆጠርከው ለዚህ ነው?» አለኝ። ማንበብ የተማርኩት በአርባ ዓመቴ መሆኑን ያውቃል።

ፕሮግራሙን ሊያይ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣውን ባለሙያ በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። «የጆንያውን ክብደት ከየት እንደሚያነብ አሳየኝ» አልኩት። ይዞኝ ገባ። ስክሪኑ ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት ከላይ፣ ቅርንጫፎቹ ከሥሩ፣ ሚዛኖቹ ደግሞ ከየቅርንጫፋቸው ሥር ተደርድረዋል። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩ። በእኛ ሚዛን ሥር «የጆንያ ክብደት» ከሚለው ፊት ለፊት ምንም አልተጻፈም።

«ባዶ ሲሆንበት ወደ ላይ ወጥቶ የዋናውን ይወስዳል፣ ጋሼ» አለኝ።

ዋናው መሥሪያ ቤት የሚቀበለው በስስ ማዳበሪያ ከረጢት ነው። የእኛ ከባድ የቃጫ ጆንያ ነው። ኮምፒዩተሩ ትርፉን ክብደት እህል ብሎ ሲጽፍብኝ ከርሟል።

«ከየት እንዳመጣው አይናገርም?»

«ቁጥሩን ብቻ ነው የሚሰጠው። ካልጠየቁት አይናገርም።»

እሱን ማን ጠይቆት! የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ባለሙያው ባዶውን ሞላ፤ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነም ጽፎ ፈረመ። አለቃዬ ይቅርታ አላለኝም፤ «ና ግባ» ብቻ አለ። ወደ ሚዛኔ የተመለስኩት በዒድ ማግስት፣ ማክሰኞ ቀን ነው።