ሳሎናችን ውስጥ የሚጋልበው ሰውዬ

ባለቤቴ ከአሌክሳንድሪያ ያርድ ሴል ሌላ ወንድ ይዛብኝ መጣች። በእኔው መኪና፣ በእኔው ጋዝ፣ እኔው እየነዳሁ። ያኔ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ጂፒኤስ እስከ ቤታችን፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ «ተመለስ» ሲለኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

ሰውዬው እርግጥ ሥዕል ነው። አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው ላይ ዘርግተው የሚሸጡት አሮጊት እንደነገሩን፣ እንግሊዝ ህንድን ይገዛ በነበረበት ዘመን የነበሩ ህንዳዊ ፈረሰኞች ጦርነት ሲለማመዱ ነው። መሬት ላይ ችካል ተተክሏል፤ ፈረሰኛው ሽምጥ ጋልቦ በጦሩ ጫፍ ይነቅለዋል። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ላይ ቅሬታ የለኝም። ጠቤ ከፊተኛው ጋር ነው። ጥምጣሙን ተዉት፤ ሪዙ ብቻ ቢፈተል ሁለት ጋቢ ይወጣዋል።

ልክ ከምቀመጥበት ሶፋ በላይ ሰቀለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስታወራኝ ዓይኗ ከጭንቅላቴ በላይ ሆነ።

«አቀማመጡን አየህልኝ?» ትላለች አቧራውን እየጠረገች።

«እኔ ከሥራዬ ከክሪስታል ሲቲ እስከዚህ በትራፊክ ግማሽ ቀን ስቀመጥ አቀማመጤን ማን አየልኝ?»

«አንተማ ተጎልተህ ነው።»

እኔ ላይ ሣር ቢበቅል የማታይ ሴት፣ የእሱን ጥምጣም ጠዋትና ማታ ትወለውላለች።

አንድ እሁድ፣ ልጃቸው ከአገር ቤት ያስመጣቻቸው አዛውንት ጎረቤታችን ሻይ ሊጠጡ ገቡ። በእኛ ሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚወጣው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ዘመድ። ጊዮርጊስ ነው እንዳይሉ ዘንዶ አጡ።

«እኚህ ጉግስ ተጫዋች የማን ወገን ናቸው?» አሉ።

አእምሮዬ ከፈረሱ ፈጠነ። ከሥጋ ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ መፈላለግ ነውር ነው። ዘመዷ ካደረግኩት ዓይኗን ትሰብራለች!

«የእሷ ቅድመ አያት ናቸው አባባ» አልኩ።

አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለሥዕሉ እጅ ነሡ። «አይ ወንድ! የፈረስ ስማቸውስ ማን ይባል ነበር?»

ድሮ ስመ ጥር ጦረኛ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። ስትንተባተብ ላያት ዞርኩ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

«አባ ንቀል» አለች። ሻይ መቅዳቷን እንኳ አላቋረጠችም።

አዛውንቱ «አባ ንቀል! አባ ንቀል!» እያሉ ሻያቸውን እንደ ጠጅ ከፍ አደረጉ። እኔ ግን ሻዬን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ይሄ እዚያው የተፈጠረ ስም አይደለም፤ አፍ ላይ ተመላልሶ የለሰለሰ ስም ነው። እኔ ሥራ ስውል እዚህ ቤት ውስጥ «አባ ንቀል» የሚባል ሰው ይጠራል ማለት ነው! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት «አንተ» ነኝ። ስትናደድ «አንተ ሰውዬ»፣ እንግዳ ፊት ደግሞ «እሱ»።

አዛውንቱ እንደወጡ መቻል አቃተኝ። «ለእኔስ የፈረስ ስም ብታወጪልኝ ማን ትይኛለሽ?»

«አንተ ምን ፈረስ አለህና?»

«ኮሮላዋስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ከሥዕሉ ወርዶ እኔ ላይ አረፈ። ከራስ ፀጉሬ፣ ያውም ከቀረው፣ እስከ ካልሲዬ መረመረችኝ።

«ቆይ፣ ላስብበት።»

ኩባያዎቹን አጠበች። ልብስ አጣጠፈች። እህቷን ኮል አድርጋ ስለ አዛውንቱ እየሳቀች አወራች፤ ያንን ስምም ደጋግማ ጠራች። የእኔን ገና እያሰበችበት ነው።