አንዴ ተጠይቆ እሺ አይባልም

እናቴ በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ ብላ አታውቅም። ሻይ ይጨመርልሽ ስትባል «ኧረ በቃኝ»፣ ቁጭ በይ ስትባል «ኧረ ቆሜ ይሻለኛል» ነው መልሷ። ያደገችበት ወግ ነው፤ ሰው ሁለተኛ ይጠይቃታል፣ ሦስተኛ ይለምናታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትቀበለው። ሎስ አንጀለስ ባለው የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ይሄ ችግር የለውም። ምሳ የምንበላበት ቤት ባለቤት እምቢታዋን ሰምቶም አያውቅ፤ «እትዬ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እያለ ክትፎውን ይቆልልባታል።

እኔ ግን ስንት ዓመት ኤርፖርት ሠርቼ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። መንገደኛውን «ሻንጣ ትጨምራለህ?» እለዋለሁ፣ «ኖ» ይለኛል፣ «ኦኬ፣ ቀጣይ!» ነው። ሶ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ኢንግልዉድ እኔ ጋ ከርማ፣ ግሪን ካርዷም እጇ ገብቶ፣ አንድ እሁድ ከቸርች ወደ ቤት ድራይቭ እያደረግሁ «እማዬ፣ ለምን እኔው ጋ አትቀሪም?» አልኳት። «ኧረ ልጄ፣ ምን ላስቸግርሽ» አለችኝ። በጣም ከፋኝ። ከእኔ ጋር መኖር ካልፈለገች አልለማመጣትም አልኩና ዝም አልኩ። በሳምንቱ የመመለሻ ትኬቷን ቆረጥኩላት፤ ያን ቀን ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ።

ለስንብት ያህል መንገዷን በአቴንስ በኩል አደረግኩት። እናቴ ጴንጤ ናት፤ የሐዋርያት ሥራን ባነበበች ቁጥር «ጳውሎስ የሰበከበትን አርዮስፋጎስን በዓይኔ ባየሁት!» ትል ነበር። አብሬያት ሄጄ ከተማውን ላሳያት፣ ከዚያ እሷ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደ ሎስ አንጀለስ። ቪዛዋን ለማግኘት አሳራችንን በላን እንጂ ተሳካልን።

አቴንስን ከእናቴ ጋር ያላየ አቴንስን አየሁ አይበል! አክሮፖሊስ ላይ ወጥተን፣ ስንት ሰው ዓለምን አቋርጦ የሚመጣለትን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖንን፣ ቆማ አየችው። ለጥገና የቆመውን ክሬንና መወጣጫ ብረት ከላይ እስከ ታች ተመለከተችና «ይሄን ሁሉ ዘመን ሲሠሩት ኖረው ገና አላለቀም?» አለች። በሳቅ ወገቤን ያዝኩ። እዚያው አጠገብ ጣሪያ በራሳቸው ተሸክመው የቆሙ የድንጋይ ሴቶች አሉ። እነሱን ስታይ ከንፈሯን መጠጠች፤ «ምስኪኖች፣ አንድ እንኳ የሚያግዛቸው ወንድ ይጥፋ?» ከፓርላማው ፊት ለፊት ደግሞ ቀሚስ መሳይ ለብሰው፣ ጫማቸው ጫፍ ላይ ትልቅ የክር ኳስ አድርገው ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ወታደሮች አሉ። ለአንዱ ውሃ ልታጠጣ ኮዳዋን ይዛ ስትሄድ በስንት ትግል ጎትቼ መለስኳት።

የእሷ ወግ ግን አቴንስ ላይ ጉድ አፈላብን። ሆቴል ስንገባ እንግዳ ተቀባዩ ጉልበቷን እያመማት ስታነክስ አይቶ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ልስጣችሁ አለ። እሷ ቀድማኝ «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ»። ሰውዬው ፈገግ ብሎ የላይኛውን ቁልፍ ሰጠን፤ ሊፍት የለም፣ ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ብድግ አለላት። «ተቀመጥ የኔ ልጅ» አለችው በአማርኛ፣ በእጇም ጭምር። ልጁ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ወይ ጉድ! ተቀመጠ እኮ!»

«እማዬ፣ እዚህ የሚጠየቀው አንድ ጊዜ ነው! እምቢ ካልሽ፣ እምቢ ነው!»

ትክ ብላ አየችኝ። «ሰው እምቢ ሲል የእውነቱን ነው ብለው ያምናሉ?»

«አዎ!»

«አይ፣ የዋሆች ናቸው» አለች፣ ከልቧ አዝናላቸው።

አርዮስፋጎስን ለመጨረሻው ቀን አስቀመጥነው፤ አውሮፕላኗ በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአክሮፖሊስ ሥር ያለ ራቁቱን የቆመ ዓለት ነው፤ ሰው ለዘመናት ረግጦት መስታወት ሆኗል፣ ያንሸራትታል። በብረቱ ደረጃ እንደምንም ወጣን። ደረጃው አልቆ ዓለቱ ሲጀምር ግን እግሯን ማንሳት አቃታት። አንድ ረጅም ሰው እጁን ዘረጋላት። «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ።» ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አክብሯት አለፈ።

«በይ እኔ ልያዝሽ» አልኩ ተናድጄ።

«ተይ፣ አንቺም ትወድቂያለሽ። ከዚህ ሆኜ አየሁት እኮ፣ በቃኝ።»

«ኦኬ» ልል አፌን ስከፍት፣ ጥቁር የለበሰች፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል የአገሩ ሴት መጣች። በግሪክኛ አንድ ነገር ብላ ክንዷን ያዘቻት። እናቴ «ኖ፣ ኖ» አለች። ሴትዮዋ የባሰ ጮኸች። እናቴ በአማርኛ «ኧረ ግድ የለም፣ እትዬ፣ እርስዎም ደካማ ነዎት» አለች። ሴትዮዋ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ተቆጣች፣ ደረቷን መታች፣ ከዚያ ጎትታ ወሰደቻት! እናቴ እየሳቀች፣ አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ ሳያውቁ፣ እየተደጋገፉ አናቱ ላይ ወጡ።

ከተማው ነጭ ሆኖ እግራችን ሥር ተዘረጋ። ሴትዮዋ አማተበች፤ እናቴ ሁለት እጇን አንስታ «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን! ለዚህ አበቃኸኝ!» እያለች አለቀሰች። ከዚያ ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ ሴትዮዋም ወረደች።

እኔ የሴትዮዋን ጀርባ እያየሁ ቀረሁ። ያን እሁድ መኪናው ውስጥ ስንት ጊዜ ነበር የጠየቅኳት?

«እማዬ፣ ነገ አትሂጂ። እኔ ጋ ቅሪ።»

«ኧረ ልጄ፣ ላስቸግርሽ?»

«አታስቸግሪኝም።»

«አንቺ ሥራ አለብሽ። እኔ አሮጊት ምን አደርግልሻለሁ?»

«ሥራዬ ገደል ይግባ! እፈልግሻለሁ! ነገ አውሮፕላን ላይ ብትወጪ እኔም ተከትዬሽ ወጥቼ እዚያው እጮሃለሁ!»

ሰው ዞሮ አየን። እናቴ ቀሚሴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«ያኔ አንዴ ጠየቅሽኝና ዝም አልሽ» አለችኝ። «የጠየቀችኝ ለወጉ ያህል ነው፣ ልጄስ እንድሄድላት ነው የምትፈልገው ብዬ እኮ ነው ሻንጣዬን የዘጋሁት።»