ለእንግዳ የተነቀለ ባቄላ

የዕድሜ ገደብ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያሰበውን ሰው ባገኘው አንድ ሁለት ቃል አለኝ። አርባ ዓመት ሲሞላ የሰው ጭንቅላት የሚዘጋ ይመስል፣ "አመልካቹ አርባ ያልሞላው" ብለው ይጽፋሉ። እነሱ አገር፣ ባሕር ማዶ፣ ሰው ገና በልጅነቱ ዶክተር ይሆናል። እዚህ ግን መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ፣ ማስተማሩም መውለዱም መታመሙም ሲደራረብ ዕድሜሽ የት እንደገባ ሳታውቂው ያልቃል። ያን ዓመት ሠላሳ ዘጠኝ ነበርሁ። ያ ዕድል ካለፈኝ ሌላ እንደሌለኝ እኔም አውቃለሁ፣ አለቃዬም ያውቃል።

ሥራዬ የሰብል በሽታ ማጥናት ነው። ቤቴ ቁስቋም ነው፣ የማስተምረውም እዚሁ ጎንደር። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወደ ወገራ ደጋ እወጣለሁ። እዚያ ባቄላውን አንድ በሽታ ይዞታል። ቅጠሉ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ እብጠት ያወጣና ቀስ እያለ ተክሉን ያደርቀዋል። የጾም ሽሮ ከምን እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሽታው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ዘር እንደሚቋቋመው ለመለየት ዘረ መሉን የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ያለው ማይክሮስኮፕ ነው፤ እሱም መብራት ሲኖር።

መሣሪያው ያለው ባሕር ማዶ፣ አንድ ፕሮፌሰር ዘንድ ነው። ከፕሮፌሰሩ ጋር ለዓመታት ስንጻጻፍ ቆየንና፣ ሁለቱ አገሮች በጋራ ለሚደግፉት የምርምር ትብብር አንድ ላይ አመለከትን። በትብብሩ ውስጥ አንድ ፌሎሺፕ አለ፤ ወጪው ተችሎ በሌላው አገር የሚሠራበት፤ አርባ ላልሞላው ለአንድ ሰው ብቻ፣ ከሁለቱ አገር ከአንዱ። ከእኛ ወገን የታጨሁት እኔ ነኝ፤ ከእነሱም የታጨ ሰው አለ። ካገኘሁት ሁለት ዓመት እነሱ ዘንድ ተቀምጬ የወገራን በሽታ በገዛ እጄ እመረምራለሁ፤ ሥራውንም ተምሬ እዚህ አመጣለሁ። ካጣሁት ቅጠል እየለቀምሁ በፖስታ የምልክላቸው ሰው ሆኜ እቀራለሁ። ስንት ዓመት ስልክላቸው ኖሬያለሁ፤ በቃኝ።

ገንዘቡን የሚሰጡት ከመወሰናቸው በፊት ታዲያ "ችግሩን በቦታው እንየው" አሉ። እኔ ደስታዬን አልቻልሁትም። ይምጡ! ከማየት በላይ ምን አለ?

አለቃዬ ግን እንግዳ ሲመጣ የሚታመም ሰው ነው። ኮሪደሩን አስቀባ፣ መጋረጃ አስቀየረ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ከተበላሸ የቆየ ማቀዝቀዣ አለን፤ እሱን በነጭ ጨርቅ አስሸፈነና ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አስቀመጠበት።

"ይህን ለምን ትሸፍነዋለህ?" አልሁት። "የሚረዱን እኮ እንዲህ ያለውን ሲያዩ ነው።"

"ጉዳችንን ሊያዩ አይደለም የሚመጡት" አለኝ።

"ጉዳችንን ሊያዩ ነው እንጂ የሚመጡት!"

"አንቺ ደሞ ነገር ታከርሪያለሽ" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ሰው ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ የለም፤ ጥሎሽ ይሄዳል።

እንግዶቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው እኔ ወገራ ወጣሁ። የምሠራበት ማሳ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ አያ እያልሁ ነው የምጠራው። ማሳውን የመረጥሁት ከአካባቢው ሁሉ የከፋ ስለሆነ ነው። ሦስት ክረምት ስመላለስበት አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም።

"አያ፣ እንግዶች ይመጣሉ" አልሁት። "ከባሕር ማዶ። ባቄላህን የያዘውን በሽታ ሊያዩ ነው።"

"እኔ ቤት?"

"አዎ፣ አንተ ቤት።"

ቆቡን አወለቀና ራሱን አከከ። "ሸጋ። አናሳፍርሽም፣ በሞቴ። አታስቢ።"

እኔም አላሰብሁም። ነገሩ ለእኔ መሄጃ መሆኑን አልነገርሁትም። ገና እጄ ላልገባ ነገር ምን ብዬ አወራለሁ? ያለቀ ቅጠሉን፣ የጠቆረ ግንዱን ደህና አድርጌ አይቼ ተመለስሁ። ከዚያ ማሳ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል?

የመጡት ሁለት ናቸው፤ ፕሮፌሰሩና ገንዘቡን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የተላከች ሴትዮ። ፕሮፌሰሩ እጄን ይዞ አልለቅም አለ፤ "በመጨረሻ ተገናኘን!" እያለ። ሴትዮዋ የምትናገረው ትንሽ ነው፤ የምታየው ግን ብዙ ነው። መንገዱ ከሰዓት በኋላ ስለማያስተማምን ማልደን ነበር የወጣነው። እነሱ በአንድ ማኪና፣ እኔና አለቃዬ በሌላ። አለቃዬ ሱፍ ለብሷል። ጭቃ ውስጥ ሱፍ!

ቀበሌው ደርሰን ማሳው ሲታየኝ ሾፌሩ ቦታ የሳተ መሰለኝ። ከሳምንት በፊት ቆሳስሎ የተውሁት ባቄላ ለምልሞ ቆሟል። ሳሳ ብሏል እንጂ አንድ የታመመ ቅጠል የለውም። ዳር ዳሩን ጎረቤቱ ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ ይጠብቃል። አጠገቡ ያሉት ማሳዎችም እንዲሁ ጸድተዋል።

ወርጄ ሰላምታም ሳልሰጥ፣ "ምን አደረጋችሁት?" አልሁ።

"ደቦ ጠራን" አለኝ አያ፣ ደረቱን ነፍቶ። "አገሩ ሁሉ ወጣልሽ። የታመመ የታመመውን አንድ ሳናስቀር ነቀልነው። እንዲያ ያለ ማሳ ለእንግዳ ይታያል? ነውር አይደለም?"

አለቃዬ ከኋላዬ፣ "እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ" ሲል ሰማሁት።

ፕሮፌሰሩ መስመር ለመስመር እየገባ ቅጠሉን እየገለበጠ አየ። አጎነበሰ፣ ተነሣ፣ አጎነበሰ። "በጣም ጥሩ ባቄላ ነው" አለ በመጨረሻ። ያዘነ ይመስላል። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ "ገበሬውን ጠይቂልኝ፤ በሽታው ያስቸግረዋል?" አለችኝ።

ጠየቅሁት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠየቅሁት፣ እንዲገባው ብዬ።

"ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁን" አለ፣ ወደ ሴትዮዋ እጅ እየነሣ። "ምንም አልጎደለብን። አገራችን ሸጋ ነው፣ እህሉም ሸጋ ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ በያቸው።"

ያለውን እንዳለ ተረጎምሁ። አለቃዬ እንግሊዝኛውን እየሰማ አጠገቤ ቆሟል፤ ባልተረጉመውም ይተረጉምልኝ ነበር። ከዚያ የራሴን ጨመርሁበት። ለእናንተ ክብር ሲሉ የታመመውን ነቅለውት ነው እንጂ ይህ ማሳ ከሁሉ የከፋ ነበር አልሁ። ሁለቱ ተያዩ። ያችን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ገንዘብ ፈልጋ ነው የምትለዋን። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላሳያቸው ስል ሴትዮዋ፣ "ፎቶውንማ ከማመልከቻው ጋር አይተነዋል፤ የመጣነው በዓይናችን ልናይ ነው" አለች።

"የተነቀለውን ማየት እንችላለን?" አለ ፕሮፌሰሩ። ደግ ጥያቄ ነው፣ አልዋሽም።

"አያ፣ የነቀላችሁት የት አለ?"

"ለላሟ ሰጠናት።"

ከቤቱ ጀርባ ወሰደን። ላሚቱ ተኝታ ታመነዥካለች። የተረፈው ከእበት ጋር ተረጋግጦ ተቦክቷል። ፕሮፌሰሩ ስልኩን አውጥቶ ላሚቱን ፎቶ አነሣት። ሌላ ማሳ ላሳያቸው ብል ያልተነካው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ በእግር ሄዶ ለመመለስ ጊዜ የለም፤ ሾፌሮቹ ሰዓት እያዩ ነው።

"አያ ምነው!" ብዬ ጮህሁ። "ምነው እንዲህ ትሠራኛለህ? በሽታውን ሊያዩ ነው የሚመጡ አላልሁህም?"

"ብለሽኛል።"

"ታዲያ!"

"አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤቱ እንግዳ ሲመጣበት ቁስሉን ገልጦ ነው የሚቀበል?"

"ሐኪም ከሆነ፣ አዎ!"

እንግዶቹን ከላይ እስከ ታች አያቸው። "ሐኪም አልመሰሉኝም" አለ።

"ደንቆሮ" አልሁት። በደጁ፣ በሚስቱና በጎረቤቱ ፊት። እንግዶቹ ቃሉን ባይሰሙትም ፊታችንን አይተዋል። አያ ቆቡን አጠለቀ።

"እንግዶቹ ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም" አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "አንቺም ብዪ። ከዛሬ ወዲያ ግን ደጄን አትርገጪ።"

በሉ። አለቃዬም በላ፣ ፕሮፌሰሩ እየደጋገመ በላ። እኔ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ስንመለስ አለቃዬ ማኪናው ውስጥ፣ "ምን ያንጨረጭርሻል?" አለኝ። "መልካም አቀባበል አይተው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ።"

"ደስ ሊላቸው አይደለም የመጡት፤ ሊደነግጡ ነው!"

"ስሜታዊ አትሁኚ።"

"አያስ ገበሬ ነው" አልሁት። "አንተ ዶክተር ሆነህ ማቀዝቀዣ ጨርቅ የምታለብሰው ምን ሆነህ ነው?" ጎንደር እስክንገባ አልተነጋገርንም። ከዚያም በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም።

ውሳኔው የመጣው በጋው ላይ ነው። ትብብሩ ጸድቋል። ፌሎሺፑ ግን ለእነሱ ዕጩ ተሰጠ፤ ጎንደር መጥታ እንድትሠራ። ምክንያቱን ሳነበው መጀመሪያ የቀልድ መሰለኝ። በጎበኘነው አካባቢ ባቄላውን ከበሽታው ነጻ ሆኖ ስላገኘነው፣ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ በቦታው ማጥናት ይቀድማል ይላል። እኔ ደግሞ የአገር ውስጥ አስተባባሪ ተብያለሁ። በአማርኛ ሲገለበጥ ቤት የምትከራይላት፣ ማኪና የምትፈልግላት፣ የምታስተረጉምላት ማለት ነው። ቢሮዬን ዘግቼ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስሁ። ለፕሮፌሰሩ ስጽፍለት፣ እሱም በውሳኔው ማዘኑን ገልጾ ወደፊት በምችልበት ጊዜ ደግሜ እንዳመለክት መከረኝ። ዕድሜዬን ያውቃል እኮ! ማመልከቻውን አብረን ነው የሞላነው። በግንቦት አርባ ሞላኝ።

"እምቢ አትዪም ነበር?" ያለኝ ብዙ ነው። ብል ሌላ ሰው ይመድቡላታል፤ የሦስት ክረምት ሥራዬም ከእጄ ይወጣል። ስለዚህ እሺ አልሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ልጅቱ መጣች። ሳቂታ ናት፣ ትሁት ናት፣ ከመጣች ቀን ጀምራ አማርኛ ካልተማርሁ ትላለች። ምንም አላደረገችኝም። እንዲያም ሆኖ ጠላኋት። ፈገግ ባለች ቁጥር ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው የሚታየኝ።

ወደ ወገራ ይዣት የወጣሁት መስከረም ላይ ነው። "የጸዳውን ማሳ" ማየት አለብኝ አለች፤ ሌላ የት እወስዳታለሁ? ደጃፉ ስንደርስ አያ ወጣ። እሷን እጅ ነሥቶ "ግቡ" አለ። እኔን አላየኝም። ባቄላው ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ልጅቱ እሱንና ማሳውን እያፈራረቀች አየችና መጻፊያዋን አወጣች።

"አምና ማሳህን ከበሽታው እንዴት ጠበቅኸው ትልሃለች" አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ይህን ልትጠይቅ ነው ከዚያ ድረስ የመጣች?"

"አዎ። ለሁለት ዓመት።"

"ጉድ ነው! እንግዳ ስለመጣ ነቀልነው በያት። ዘንድሮ አንቺ ስለተቆጣሽ ማንም አልነካው። ይኸው ጨረሰን።"

አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምሁላት። ዓይኗ በራ። የታመመውን ተክል በደቦ መንቀል ግሩም የአገሬው ዘዴ ነው፣ ማንም አልጻፈውም፣ እያለች መጻፍ ጀመረች። እየጻፈች ትስቃለች።

"ምን አለች?" አለኝ አያ።

"ደስ አላት።"

"ምኑ?" ብሎ የጠቆረውን ማሳውን አየ። "እነሱ እንዲህ ሲመጡ አንቺም እነሱ ዘንድ መሄድ አለብሽ እኮ" አለ። "ተምረሽ መድኃኒቱን እንድታመጪልን። የምትሄጅው መቼ ነው?"

"አምና ነበር የምሄድ፣ አያ" አልሁት። "ያን ለት የታመመውን ባቄላ ቢያዩ እኔ ነበርሁ የምሄድ። ከእንግዲህ ዕድሜዬ አልፏል፣ አይወስዱኝም።"

ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ?" አለኝ። "ብቻሽን መጥተሽ ነበር። ለእኔ ነው ብትዪኝ አንዲት ቅጠል የሚነካ ሰው ነበር?"

"ነውር መሰለኝ" አልሁት፣ እንደተቆጣሁ።

ልጅቱ ብዕሯን አንሥታ፣ ምን እየተባባላችሁ ነው አለችኝ። ይህን አልተረጎምሁላትም።